ዘበኛው እኛኑ አላስገባ ሲል

የትምህርት ቤታችን የውጤት መዝገብ ሙኑኪ ባለው ቢሯችን ኮምፒውተር ውስጥ አይደለም የተቀመጠው። በክላውድ የተከራየነው ቨርቹዋል ማሽን ላይ ነው፤ ይህም ሌላ አገር ባለ ትልቅ ኮምፒውተር ውስጥ ለእኛ ተከፍሎ የተሰጠ ድርሻ ነው። እዚህ መብራት ቢጠፋ እዚያ ይሠራል። የምንገባበት መንገድ ኤስኤስኤች ይባላል፤ በሩ ደግሞ ፖርት 22 ነው።

በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ማብቂያ ላይ እኛ የኮምፒውተር ክበብ አባላት ለጥንቃቄ ብለን ዩኤፍደብሊው የተባለውን ፋየርዎል አበራን። ፋየርዎል እንደ ግቢ ዘበኛ ነው፤ «ይግባ» ካልተባለለት በቀር ማንንም አያስገባም። እኛ ደግሞ ፖርት 22 ይግባ ማለትን ረሳን! የሚገርመው ወዲያው አላስወጣንም፤ ቀድሞ የገባውን አይነካምና። ጉዱ የታየው ጄኔሬተሩ ጠፍቶ መስመራችን ሲቋረጥ ነው። ተመልሰን ብንሞክር ዝም። ወደ አዲስ አበባ የሚመለሱ ሁለት ቤተሰቦች ደግሞ የልጆቻቸውን ውጤት እየጠበቁ ነበር።

ዝምታው ራሱ ምልክት ነው። ማሽኑ «አልቀበልም» ብሎ ቢመልስ ኖሮ የኤስኤስኤች አገልግሎቱ አልተነሳም ብለን እንጠረጥር ነበር፤ ፋየርዎል ግን ብዙውን ጊዜ መልስ ሳይሰጥ ይጥላል። ፒንግ ስናደርግ መለሰልን፤ ስለዚህ ማሽኑ በሕይወት አለ። አጥፍተን አበራነው። ከንቱ ድካም ነበር፤ ዘበኛውም አብሮ ይነሳል። አከራዩ የሚሰጠው ኮንሶል በቀጥታ እንደተሰካ ስክሪንና ኪቦርድ ስለሆነ ፋየርዎሉ አያግደውም፤ ነገር ግን የይለፍ ቃል ጠየቀን። እኛ የምንገባው በቁልፍ ፋይል ስለነበር የይለፍ ቃል አውጥተን አናውቅም።

የቀረን ዲስኩን መንቀል ነበር። መጀመሪያ ቅጂ ያዝን። ማሽኑን አቁመን ዲስኩን ለየንና፣ በተከራየነው ሌላ ትንሽ ማሽን ላይ እንደ ሁለተኛ ዲስክ ሰካነው። (ሁሉም በማውስ ነው፤ ብሎን የሚፈታ የለም።) እዚያ ሆነን የዩኤፍደብሊውን ማዋቀሪያ ፋይል ከፈትን፤ «የስ» የሚለውን «ኖ» አድርገን ዲስኩን ወደ ቦታው መለስነው። ገባን።

ከገዛ ቤቱ ውጭ የቀረ ሌላም አለ። መስከረም 24 ቀን 2014 ዓ.ም. በጥገና ላይ በተሰጠ አንድ ትእዛዝ ምክንያት ፌስቡክ ለ6 ሰዓት ያህል ከዓለም ጠፍቶ ነበር። መሐንዲሶቹ ከርቀት መግባት ስላቃታቸው በአካል ወደ ዳታ ሴንተሮቹ ሄዱ፤ እዚያም የራሳቸው ጥብቅ ጥበቃ አዘገያቸው።

የሁለቱ ቤተሰቦች ውጤት በማግስቱ ታተመ። አሁን መጀመሪያ ፖርት 22ን እንፈቅዳለን፣ ከዚያ ፋየርዎሉን እናበራለን፣ የተከፈተውን መስኮት ሳንዘጋም በሌላ መስኮት መግባታችንን እንሞክራለን። ከማብራታችን በፊት ደግሞ ማሽኑ ከ10 ደቂቃ በኋላ ፋየርዎሉን ራሱ እንዲያጠፋ እናዘዋለን፤ በደህና ከገባን ትእዛዙን እንሰርዛለን።