ሆሎግራም ለመሥራት የማይነዝር ጠረጴዛ ስለ ማበጀት

አንባቢ ሆይ፤ ፎቶግራፍ የአንድን ነገር መልክ በወረቀት ላይ ጠፍጣፋ አድርጎ እንደሚያሳይ ያውቃሉ። ሆሎግራም የሚባለው ሥዕል ግን መልኩን ከነጥልቀቱ ያሳያል፤ ተመልካቹ ራሱን ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ዘንበል ባደረገ ጊዜ ከፊተኛው ነገር በስተኋላ ተከልሎ የነበረው ይገለጥለታል። ይህን ጥበብ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1947 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በራግቢ ከተማ ያሰበው የሀንጋሪ ተወላጅ የሆነው ዴኒስ ጋቦር ነው፤ ስለዚሁም ሥራው በ1971 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጥቶታል። የሌዘር ብርሃን በ1960 ዓ.ም. ከተገኘ በኋላ ጥበቡ ወደ ፍሬ ደረሰ። ዛሬ የምንገልጸው ይህ ሥራ በቤት ውስጥ ይሠራ ዘንድ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ምን እንደ ሆነ ነው፤ ይኸውም እርጋታ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። የሌዘሩ ብርሃን ለሁለት ይከፈላል፤ አንደኛው ጨረር በቀጥታ የፎቶግራፍ መድኀኒት ወደ ተቀባበት መስተዋት ይሄዳል፤ ሁለተኛው በሚሣለው ዕቃ ላይ አርፎ ከዚያ ተመልሶ ወደዚያው መስተዋት ይደርሳል። በኩሬ ላይ ሁለት ጠጠሮች በተጣሉ ጊዜ ማዕበላቸው እንደሚደራረብ ሁሉ፥ ሁለቱ ጨረሮችም ሲገናኙ እጅግ ቀጫጭን የሆኑ የብርሃንና የጨለማ መስመሮችን ይፈጥራሉ። ሆሎግራም ማለት የነዚህ መስመሮች ጽሕፈት ነው።

አንድ ሚሊሜትር በ10,000 ቢከፈል፥ የቀይ ሌዘር የማዕበል ርዝመት ከነዚያ ክፍሎች ስድስት ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብርሃኑ በመስተዋቱ ላይ በሚያርፍበት ጊዜ ዕቃው ወይም መስተዋቱ ከአንድ ክፍል በላይ እንዳይነቃነቅ ይፈለጋል። የሰው ጠጕር ከዚህ ልክ ብዙ መቶ ጊዜ ይወፍራል። ፎቶግራፍ ሲነቃነቅ ይደበዝዛል እንጂ ፈጽሞ አይጠፋም፤ ሆሎግራም ግን ከዚህ ልክ ያለፈ እንደ ሆነ መስተዋቱ ታጥቦ ሲወጣ ምንም አይታይበትም። በመንገድ ያለፈ አንድ የጭነት መኪና ወይም በጎረቤት ክፍል የተራመደ ሰው የሌሊቱን ድካም ሁሉ ከንቱ ያደርገዋል።

በመጀመሪያው ዘመን እንግዲህ ይህ ሥራ ከባድ የድንጋይ ወይም የብረት ጠረጴዛ ለመግዛት ለሚችሉ የምርምር ቤቶች ብቻ የተተወ ይመስል ነበር። ሆኖም በ1970ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ፥ ሎይድ ክሮስ የተባለ የፊዚክስ ሰውና ጄሪ ፔቲክ የተባለ ካናዳዊ ቅርጻ ቅርጽ ሠሪ ለዚህ ችግር ቀላል መፍትሔ አገኙ፤ ይኸውም አሸዋ የሞላበት ሣጥን አየር በተነፋ የጎማ ላስቲክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ሌንሶቹና መስተዋቶቹ በፕላስቲክ ቧንቧ ጫፍ ላይ ተጣብቀው ቧንቧው በአሸዋው ውስጥ ይተከላል። በዚህ መንገድ ገንዘብ ያልነበራቸው ብዙ ሰዎች ጥበቡን ተማሩ።

ይህ ዘዴ ለምን እንደሚሠራ ለማስተዋል ጋሪን መመልከት ይበቃል። ባዶ ጋሪ በኰረኰንች ላይ ሲነዳ ይንገጫገጫል፤ የተጫነ ጋሪ ግን በጸጥታ ይሄዳል። ከባድ ነገር ለስላሳ በሆነ መደገፊያ ላይ ሲቀመጥ በዝግታ እንጂ በፍጥነት ሊወዛወዝ አይችልምና፥ ከወለሉ የሚመጣው ፈጣን ንዝረት ወደ እርሱ ሳይደርስ ይቀራል። አሸዋውም ቅንጣቱ እርስ በርሱ እየተፋተገ የቀረውን ንዝረት ያጠፋዋል። ላስቲኩ እጅግ ተነፍቶ የደረቀ እንደ ሆነ ግን ንዝረቱን ሁሉ ያሳልፋልና፥ ሣጥኑን ከወለሉ ለማንሳት የሚበቃውን ያህል ብቻ ይነፋል።

ለሥራው የሚመረጠው ክፍል በምድር ቤት ያለና ወለሉ ሲሚንቶ የሆነ ነው። ወርዱና ቁመቱ 120 ሳንቲሜትር የሆነ ሣጥን እስከ 20 ሳንቲሜትር ጥልቀት በደረቅ አሸዋ ቢሞላ ከ4 ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ ስለዚህ በሳንቃ ወለል ላይ ማስቀመጥ አደገኛ ነው። ሣጥኑ ግድግዳውን እንዳይነካ ይጠበቃል፤ ማቀዝቀዣና የውሃ መሳቢያ ሞተርም በሥራው ሰዓት ይጠፋሉ። የአየር ነፋስም ጨረሩን ያናውጣልና መስኮቱ ይዘጋል።

ጠረጴዛው መርጋቱ የሚታወቀው በብርሃኑ በራሱ ነው። ጨረሩ ለሁለት ተከፍሎ በሁለት መስተዋቶች ከተመለሰ በኋላ፥ እንደ ገና ተገናኝቶና በሌንስ ሰፍቶ በነጭ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ ጥቁርና ብሩህ መስመሮች ይታያሉ። መስመሮቹ ጸጥ ብለው ከቆሙ ጠረጴዛው ለሥራ ደርሷል፤ ከተርገበገቡ ግን ምክንያቱን መፈለግ ያሻል። ወለሉን በእግር መታ አድርጎ መስመሮቹ እስኪረጉ ድረስ ያለውን ጊዜ መቍጠርም ይጠቅማል።

ለጀማሪ የሚሻለው በ1962 ዓ.ም. የሶቪየቱ ሊቅ ዩሪ ዴኒስዩክ የገለጸው መንገድ ነው። በዚህ መንገድ አንድ ጨረር ብቻ በመስተዋቱ ውስጥ አልፎ በስተኋላው ባለው ዕቃ ላይ ያርፍና ይመለሳል። ዕቃው እንደ ሳንቲም ወይም እንደ ሸክላ ጠንካራ ይሁን፤ ቅጠልና ጨርቅ ሳይታወቅ ይንቀሳቀሳሉና አይሆኑም። ሁሉም ከተሰናዳ በኋላ ሠሪው በጨለማ ውስጥ ሳይናገርና ሳይራመድ ጥቂት ደቂቃ ይታገሣል፤ ከዚያም ጨረሩን የከለለውን ጥቁር ካርቶን ጠረጴዛውን ሳይነካ ያነሣዋል።

በመጨረሻም አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለ። የሌዘርን ጨረር፥ ከመስተዋት ተመልሶ የሚመጣውንም ቢሆን፥ በዓይን መመልከት ብርሃንን እስከ ማሳጣት ያደርሳል፤ ስለዚህ ጨረሩ ከቆመም ከተቀመጠም ሰው ዓይን ትክክል እንዳይሆን ይደረግ፤ ልጆችም ወደ ክፍሉ አይግቡ። ይህን የጠበቀ ሰው፥ ባለጠጋ ባይሆንም፥ አሸዋና ላስቲክ ትዕግሥትም ካሉት የብርሃንን ጽሕፈት በቤቱ ለመጻፍ ይችላል።