ሁለት ክትባቶችን በአንድ ቀን መውሰድ፦ ጥናት ምን አረጋገጠ?

የኮቪድ-19 ክትባት መሰጠት በጀመረበት ወቅት፣ በርካታ አገሮች በዚህ ክትባትና በሌሎች ክትባቶች መካከል ቢያንስ የ14 ቀናት ልዩነት እንዲኖር ይመክሩ ነበር። ይህ ምክር የተሰጠው ክትባቶቹን በአንድ ቀን መውሰድ ጉዳት እንዳለው ስለተረጋገጠ አልነበረም። ክትባቱ አዲስ በመሆኑ፣ ትኩሳት ወይም ሌላ ምልክት ቢከሰት መንስኤው የትኛው ክትባት እንደሆነ ለመለየት የተወሰደ ጥንቃቄ ነበር።

ይሁን እንጂ ጥንቃቄው የራሱ ዋጋ ነበረው። ሁለት ቀጠሮ ማለት ሁለት ጊዜ መጓዝ፣ ሁለት ጊዜ ወረፋ መጠበቅና ሁለት ቀን ከሥራ መቅረት ነው። በሁለተኛው ቀጠሮ ያልተገኘ ሰው ከሁለቱ በሽታዎች ለአንደኛው ተጋላጭ እንደሆነ ይቀራል። በተለይ አረጋውያንና ተጓዳኝ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በዚህ ክፍተት ለከፋ ሕመም ሊዳረጉ ይችላሉ።

ሰውነት ሁለት ክትባት በአንድ ጊዜ ይችላል?

የሰውነት የመከላከል አቅም በየዕለቱ በአየር፣ በምግብና በንክኪ ከሚገቡ በርካታ ተሕዋስያን ጋር ይታገላል። በመሆኑም ክትባቶችን በአንድ ቀጠሮ መስጠት አዲስ አሠራር አይደለም። በኢትዮጵያ ሕፃናት ከ6ኛው ሳምንት ጀምሮ በአንድ ቀጠሮ ከአንድ በላይ ክትባት ይወስዳሉ። ፔንታቫለንት የተባለው ክትባት ብቻውን አምስት በሽታዎችን የሚከላከል ሲሆን፣ የሳንባ ምችና የፖሊዮ ክትባቶችም አብረውት ይሰጣሉ።

ጥናቱ እንዴት ተካሄደ?

የኮቪድ-19 እና የኢንፍሉዌንዛ ክትባቶችን በአንድነት መስጠት ከሚያስከትለው ውጤት ጋር የተያያዘው ጥያቄ እ.ኤ.አ. በ2021 በእንግሊዝና በዌልስ በተካሄደ ጥናት ተፈትሿል። በጥናቱ 679 ጎልማሶች በፈቃደኝነት ተሳትፈዋል። ሁሉም የአስትራዜኔካ ወይም የፋይዘር ክትባት የመጀመሪያ ዙር የወሰዱ ነበሩ።

ተሳታፊዎቹ በዕጣ በሁለት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን ከሁለተኛው ዙር የኮቪድ-19 ክትባት ጋር የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲወስድ፣ ሌላኛው ወገን ከኮቪድ-19 ክትባቱ ጋር መድኃኒትነት የሌለው የጨው ውሃ ተወጋ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ተራው ተለወጠ። ተሳታፊዎቹ በየትኛው ቀን የትኛውን እንደተወጉ እንዳያውቁ የተደረገውም ግምታቸው በሚሰማቸው ስሜት ላይ ተጽዕኖ እንዳያሳድር ነው።

ምን ተገኘ?

ክትባቶቹ በአንድ ቀን ሲሰጡ ሰውነት ለሁለቱም በሽታዎች የሚያዘጋጀው መከላከያ እንደማይዳከም ታይቷል። በአንዳንድ የክትባት ጥምረቶች እንደ ድካም ያሉ ምልክቶች በመጠኑ ከፍ ብለው ሊታዩ እንደሚችሉ ጥናቱ ቢጠቁምም፣ አብዛኞቹ ምልክቶች ቀላል ወይም መካከለኛ ነበሩ። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2021 ሁለቱን ክትባቶች በአንድ ቀጠሮ መስጠት ተቀባይነት እንዳለው አስታውቋል።

ይህ ውጤት ግን ለሁሉም ክትባቶች በጅምላ የሚሠራ አይደለም። ጥናቱ የመረመረው የተወሰኑ ክትባቶችን በጎልማሶች ላይ ነው። ለምሳሌ፣ ከተዳከሙ ሕያው ተሕዋስያን የሚዘጋጁ ሁለት የመርፌ ክትባቶች የሚሰጡት በአንድ ቀን ካልሆነ ቢያንስ በአራት ሳምንት ልዩነት ነው። የትኛው ክትባት ከየትኛው ጋር እንደሚሰጥ መወሰን ያለበት የጤና ባለሙያ ነው።

ተከታቢው ሊያደርጋቸው የሚገቡ ነገሮች

• የክትባት ካርድን ይዞ መቅረብ፤ ከዚህ በፊት የተወሰዱ ክትባቶችንና ቀኖቻቸውን ለባለሙያው ማሳየት።
• ቀደም ሲል በክትባት ምክንያት ከባድ አለርጂ አጋጥሞ ከነበረ ከመከተብ በፊት መናገር።
• ሁለት መርፌ የሚሰጥ ከሆነ በተለያየ ክንድ መወጋት።
• ከተከተቡ በኋላ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በጤና ተቋሙ መቆየት።
• የትንፋሽ ማጠር፣ የፊት ወይም የጉሮሮ እብጠት ሲታይ ሳይዘገዩ ሕክምና ማግኘት።

በተወጋ ቦታ ላይ የሚሰማ ሕመም፣ ድካምና ራስ ምታት አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ የሚጠፉ ናቸው። ባለሙያው ሁለቱን ክትባቶች በአንድ ቀን መስጠት እንደሚቻል ካረጋገጠ፣ አንዱን ለሌላ ጊዜ ማስተላለፍ ሳይከተቡ የሚቆዩበትን ጊዜ ከማራዘም በቀር ጥቅም የለውም።