ኤሌክትሮኒክ መጽሐፍ የገዛ ሰው ምን ገዛ?

መጽሐፍ መግዛት ለብዙ ዘመን ማብራሪያ የማያሻው ነገር ነበር። ገንዘቡን የከፈለ ሰው መጽሐፉን ይዞ ይሄዳል፤ ያነበዋል፤ በኅዳጉ ላይ ይጽፍበታል፤ ለጓደኛው ያውሰዋል፤ ሲቸግረው ይሸጠዋል፤ ሲሞትም ለልጁ ይተወዋል። ዛሬ ግን መጽሐፍ በወረቀት ብቻ ሳይሆን በኮምፒዩተር፥ በስልክ ወይም ለንባብ በተሠራ ልዩ መሣሪያ ላይ በሚከፈት ፋይል መልክ ይሸጣል። የእንዲህ ዐይነቱ መጽሐፍ ገዢ መብት እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ መመርመር የዚህ ጽሑፍ አሳብ ነው። ነገሩ የተከራከረውና የተፈረደው አብዛኛውን በአሜሪካና በአውሮፓ ስለ ሆነ ምሳሌዎቹም ከዚያው የተወሰዱ ናቸው። ዓመታቱም፥ ሌላ ካልተባለ በቀር፥ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ባለቤትነት ሲባል ምን ማለት እንደ ሆነ መለየት ያስፈልጋል። በ1952 ዓ.ም. በኛ አቆጣጠር የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1204 ባለሀብትነትን በአንድ ግዙፍ ነገር ላይ ሊኖር ከሚችለው መብት ሁሉ የሰፋው መሆኑን ያስረዳል። ግዙፍ የሚለውን ቃል አንባቢ ልብ ይበለው፤ የክርክሩ ሁሉ መነሻ እርሱ ነውና። ወረቀቱና ቀለሙ ግዙፍ ነው፤ በወረቀቱ ላይ ያለው ድርሰት ግን ግዙፍ አይደለም። ስለዚህ መጽሐፍ የገዛ ሰው የወረቀቱ ባለቤት ይሆናል እንጂ የድርሰቱ ባለቤት አይሆንም፤ እንደ ወደደ አባዝቶ ሊቸረችረውም አይችልም። በወረቀት መጽሐፍ ላይ እነዚህ ሁለት መብቶች፥ የገዢውና የደራሲው፥ ብዙ ሳይጋጩ አብረው ይኖራሉ።

ይሁን እንጂ ያለ ክርክር የተገኘ ሰላም አይደለም። ቦብስ ሜሪል የተባለ አሜሪካዊ አሳታሚ በ1904 አንድ ልብ ወለድ መጽሐፍ ሲያወጣ፥ የመጽሐፉ ዋጋ አንድ ዶላር እንደ ሆነና ማንም ነጋዴ ከዚያ ባነሰ ዋጋ ቢሸጠው የአሳታሚውን የቅጂ መብት እንደ ደፈረ እንደሚቈጠር የሚያስታውቅ ቃል በመጽሐፉ ውስጥ አተመ። በኒው ዮርክ የታወቀው የሜሲ መደብር ባለቤቶች የሆኑት የስትራውስ ወንድማማቾች ግን መጽሐፉን በ89 ሳንቲም ሸጡት። ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና በ1908 ለነጋዴዎቹ ተፈረደ። የፍርዱ ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ የቅጂ መብት ያለው ሰው መጽሐፉን አንድ ጊዜ ከሸጠ በኋላ፥ ያ አንድ ቅጂ በማን እጅ፥ በምን ዋጋ እንደሚተላለፍ የማዘዝ ሥልጣን የለውም። በማግሥቱ ዓመት ይኸው አሳብ በሕግ ተጻፈ፤ የመጀመሪያ ሽያጭ ደንብ እየተባለም ይጠራል። አሮጌ መጽሐፍ የሚሸጥባቸው ሱቆች በአሜሪካ በሕግ በኩል የቆሙት በዚህ ደንብ ላይ ነው። በ2013 ደግሞ ይኸው ፍርድ ቤት፥ ከታይላንድ መጥቶ በአሜሪካ የሚማር አንድ ተማሪ በሀገሩ በርካሽ የታተሙ የትምህርት መጻሕፍትን አስመጥቶ በመሸጡ ዊሊ በተባለው አሳታሚ ተከሶ ሳለ፥ በ6 ዳኞች ድምፅ ለ3 ለተማሪው ፈርዶለታል።

እንግዲህ ቦብስ ሜሪል በ1904 በታተመ ማስጠንቀቂያ ሊያገኘው ያልቻለውን ሥልጣን የዛሬው ሻጭ በሁለት መንገድ አግኝቶታል። አንደኛው ውል ነው። ገዢው «ግዛ» የሚለውን ምልክት ሲጫን፥ ከብዙ ሰዎች ማንም በማያነበው ረጅም ውል ውስጥ መጽሐፉ እንዳልተሸጠለትና የማንበብ ፈቃድ ብቻ እንደ ተሰጠው ተጽፎ ይገኛል። ያልተሸጠ ነገር ደግሞ የመጀመሪያ ሽያጭ ደንብ አይደርስበትም።

ሁለተኛው ቁልፍ ነው። የመጽሐፉ ፋይል በምስጢር ጽሕፈት ተለውጦ ይላካል፤ ያለ መፍቻው ቢከፈት ትርጕም የሌለው የቍጥርና የምልክት ክምር ነው። መፍቻው አካውንት ከሚባለው ከገዢው የደንበኝነት መዝገብና ከንባብ መሣሪያው ጋር የተያያዘ ስለ ሆነ፥ ፋይሉን ገልብጦ ለጓደኛ መስጠት ሣጥኑን ያለ መክፈቻ መስጠት ማለት ነው። ቁልፉን ሰብሮ መክፈትስ ቢባል፥ በአሜሪካ በ1998 የወጣው ሕግ መስበሩን ራሱን ከልክሏል፤ ሰባሪው መጽሐፉን በገንዘቡ የገዛ ሰው ቢሆንም እንኳ ነው። ለዐይነ ስውራን ንባብና ለመሳሰሉት በየ3 ዓመቱ የሚታደስ ጥቂት ልዩ ፈቃድ አለ፤ ለልጅ ለማውረስ ወይም ለጓደኛ ለማዋስ ግን የለም። በብራና መጻሕፍታችን ላይ የባለቤቱ ስም ተጽፎ የሰረቀውንና ስሙን የፋቀውን የሚያወግዝ ቃል መገኘቱ የታወቀ ነው። ያ ግዝት መጽሐፉን ለባለቤቱ ይጠብቅ ነበር፤ ይህ ቁልፍ ግን መጽሐፉን ከገዢው ይጠብቃል።

ነገሩ የቃል ክርክር ብቻ አለመሆኑ በሐምሌ 2009 ታየ። አማዞን ኪንድል በተባለው የንባብ መሣሪያው በኩል የጆርጅ ኦርዌልን ሁለት መጻሕፍት፥ «1984»ንና «የእንስሳት እርሻ»ን ሸጦ ነበር። መጻሕፍቱን ለሽያጭ ያቀረበው ወገን በአሜሪካ የማሳተም መብት እንደሌለው በታወቀ ጊዜ፥ ኩባንያው ከሽያጭ ማንሣቱ ሳይበቃው ከገዢዎቹ መሣሪያ ላይ በሩቁ ሰረዛቸው፤ ገንዘባቸውንም መለሰ። የተሰረዘው መጽሐፍ መንግሥት የማይፈልገው ጽሑፍ ወደ እሳት ስለሚጣልበት ዓለም የሚተርክ መሆኑ ብዙ አስቆናል፤ ከሣቁ ይልቅ የሚያሳስበው ግን የአንድ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነገር ነው። ተማሪው ለትምህርት ቤቱ ሥራ በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ሲጽፍ ከርሞ ነበር፤ መጽሐፉ ሲጠፋ ማስታወሻው ከየትኛው ቦታ ጋር እንደሚሄድ የማይታወቅ ሆነ። የኩባንያው መሪ ጄፍ ቤዞስ በይፋ ይቅርታ ጠየቁ። በተማሪው ስም የተመሠረተው ክስ በዚያው ዓመት በስምምነት ሲያልቅ፥ ኩባንያው በአሜሪካ ውስጥ ካሉ ገዢዎች መሣሪያ ላይ መጽሐፍ እንዳይሰርዝ ቃል ገባ፤ ገዢው ሲፈቅድ፥ ዋጋው ሳይከፈል ሲቀር ወይም ሲመለስ፥ ፍርድ ቤት ሲያዝና መሣሪያውን የሚጎዳ ነገር ሲገኝ ካልሆነ በቀር ማለት ነው። ቃል መግባቱ መልካም ነው፤ ለመሰረዝ የሚያስችለው ብልሃት ግን በሻጩ እጅ እንዳለ ቀርቷል።

በ2019 ደግሞ ማይክሮሶፍት የመጻሕፍት መደብሩን ዘጋ። መፍቻውን የሚሰጠው ማእከል ሲዘጋ የተሸጡት መጻሕፍት በሐምሌ ወር መከፈት አቆሙ። ኩባንያው የመጻሕፍቱን ዋጋ መልሷል፤ በመጽሐፉ ላይ ማስታወሻ ለጻፉ ሰዎችም 25 ዶላር ጨምሮ ሰጥቷል። የአንድ ዓመት ጥናት ማስታወሻ 25 ዶላር ያወጣል ወይስ አያወጣም የሚለውን ለአንባቢ እንተወዋለን።

ያገለገለ ፋይል መልሶ መሸጥስ ይቻላል ወይ? የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት በ2012 ለኮምፒዩተር ፕሮግራም ይቻላል ብሎ ስለ ነበር ተስፋ ያደረጉ ነበሩ። ቶም ካቢኔት የተባለው የኔዘርላንድ ነጋዴ ያገለገሉ ኤሌክትሮኒክ መጻሕፍትን መሸጥ ጀመረ፤ አሳታሚዎች ከሰሱትና በታኅሣሥ 2019 ያው ፍርድ ቤት ለመጽሐፍ አይቻልም አለ። በአሜሪካም ሬዲጂ የተባለ ኩባንያ ያገለገሉ የሙዚቃ ፋይሎችን ለመሸጥ ሞክሮ በ2013ና በይግባኝ በ2018 ተረታ። የአሜሪካው ፍርድ ምክንያት ፋይል ከአንዱ ኮምፒዩተር ወደ ሌላው ሲሄድ በሁለተኛው ላይ አዲስ ቅጂ ይፈጠራል የሚል ነው፤ አዲስ ቅጂ የመፍጠር መብት ደግሞ የባለመብቱ ብቻ ነው። የአውሮፓው ፍርድ ያነሣው ሌላ ነጥብ ከዚህ ይልቅ የሚከብድ ይመስለናል። አሮጌ የወረቀት መጽሐፍ ይቀደዳል፥ ይቆሽሻል፤ ስለዚህ ከአዲሱ ጋር እኩል አይወዳደርም። አሮጌ ፋይል ግን ከአዲሱ በምንም አይለይም፤ በግማሽ ዋጋ ከተሸጠ አዲሱን የሚገዛ አይኖርም፤ ደራሲውም የድካሙን ዋጋ ያጣል።

ይህ ክርክር እንደ ዋዛ የሚታለፍ አይደለም። ነገር ግን መልሶ መሸጥን ስለ መከልከል የሚናገር ነው እንጂ፥ ገዢው የራሱን መጽሐፍ በራሱ ዘንድ እንዳያስቀምጥ ስለሚያደርገው ቁልፍ የሚያስረዳው ነገር የለም። ቶር የተባለው የአሜሪካ አሳታሚ በ2012 መጻሕፍቱን ያለ ቁልፍ መሸጥ ጀምሮ፥ ከአንድ ዓመት በኋላ በመጻሕፍቱ ላይ የስርቆት መጨመር እንዳላየ አስታውቋል።

ለቤተ መጻሕፍት ነገሩ ከሁሉ ይከፋል። የወረቀት መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከተገዛ እስኪያልቅ ድረስ ይዋሳል። ሃርፐርኮሊንስ ግን በ2011 ለቤተ መጻሕፍት የሚሰጠው እያንዳንዱ ኤሌክትሮኒክ ቅጂ 26 ጊዜ ከተዋሰ በኋላ እንደገና እንዲገዛ ደነገገ፤ ለሁለት ለሁለት ሳምንት ቢዋስ የአንድ ዓመት ዕድሜ መሆኑ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድርጅት በበኩሉ በእጁ ያሉትን የወረቀት መጻሕፍት በምስል አንሥቶ በቅጂው ልክ አንድ በአንድ ያውስ ነበር፤ በ2020 ይህን ገደብ ለጊዜው ባነሣ ጊዜ አራት አሳታሚዎች ከሰሱት፤ የይግባኙ ፍርድ ቤትም በመስከረም 2024 አንድ በአንድ ማዋሱም ቢሆን አልተፈቀደም ብሎ ፈረደ። የአንድ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት ከዛሬ ሃምሳ ዓመት በፊት የገዛውን መጽሐፍ ዛሬ ከመደርደሪያው ማውረድ ይችላል፤ በዓመት ኪራይ የሚያስነብበውን ግን ገንዘቡ ባነሰበት ዓመት ተማሪው ያጣዋል። ስለዚህ በበኩላችን፥ ለመመረቂያ ጽሑፍ መሠረት የሚሆን መጽሐፍ ከተቻለ በወረቀት፥ ካልተቻለ ያለ ቁልፍ ቢገዛ እንመርጣለን።

በመጨረሻው ጊዜ የታየው ለውጥ ከካሊፎርኒያ የመጣ ነው። በ2024 ወጥቶ ከጥር 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዚያ ግዛት ሕግ፥ የዲጂታል ዕቃ ሻጭ የሚሰጠው ፈቃድ ብቻ መሆኑን በግልጽ ሳያስታውቅ «ግዛ» የሚለውን ቃል እንዳይጠቀም ይከለክላል። ገዢው ፋይሉን አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለዘለቄታው ሊጠቀምበት የሚችል ከሆነ ግን ሕጉ አይመለከተውም። በየካቲት 26 ቀን 2025 ደግሞ አማዞን፥ ገዢዎች የኪንድል መጻሕፍትን በድረ ገጹ በኩል ወደ ኮምፒዩተራቸው አውርደው በገመድ ወደ መሣሪያቸው ያስተላልፉበት የነበረውን መንገድ ዘግቷል።