ፎቶ የማይነሳበት ጉብኝት

በሕንዷ ሙምባይ «ሪያሊቲ ቱርስ» ከተባለው ድርጅት ጋር ዳራቪ የተባለውን የድሆች ሰፈር ለማየት የተመዘገበ እንግዳ፣ መንገድ ሳይጀምር አንድ ደንብ ይነገረዋል፦ ፎቶ ማንሳት ክልክል ነው። ባሕር ተሻግሮ ለመጣ ጎብኚ ይህ ይከብድ ይሆናል። ነገር ግን የዳራቪ ጠባብ መተላለፊያ ለነዋሪው ጓዳም፣ ልብስ ማጠቢያም፣ የልጆች መጫወቻም ነው። በገዛ ደጃፏ ልብስ የምታጥብ እናት ሳትጠየቅ የማንም ሰው አልበም ውስጥ መግባት የለባትም።

ዳራቪ በሁለት የባቡር መስመሮች መካከል፣ ከሁለት ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም በማይበልጥ መሬት ላይ ተፋፍጎ የሚገኝ ሰፈር ነው። የነዋሪው ቁጥር እስከ አንድ ሚሊዮን እንደሚደርስ ይገመታል። ድሮ የዓሣ አጥማጆች ረግረግ ነበር፤ በኋላ ከጉጃራት ሸክላ ሠሪዎች፣ ከታሚል ናዱ ቆዳ ፋቂዎች እየመጡ ሠፈሩበት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው «ስላምዶግ ሚሊየነር» ፊልም የሙምባይን ድሃ ሰፈሮች ለዓለም ሲያሳይ፣ በተመልካቹ ልብ የቀረው ችግሩና ቆሻሻው ነው።

ጉብኝቱ የሚያሳየው ግን ሥራውን ነው።

ቆራሌው ከየቤቱ ሰብስቦ እንደሚያመጣው ያለ ፕላስቲክ የሞላ ጆንያ በየዎርክሾፑ ደጃፍ ተከምሯል። ሠራተኞች ቁሱን በዓይነትና በቀለም ይለዩታል። ከዚያ ይፈጫል፣ ይታጠባል፣ ጣራ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል፤ በመጨረሻም ቀልጦ እንደ ክር ይወጣና ተቆራርጦ ለፋብሪካ የሚሸጥ ጥሬ ዕቃ ይሆናል። መፍጫ ማሽኑም እዚያው ዳራቪ ውስጥ ይሠራል። ጭሱና ሽታው ከባድ ነው፤ ብዙው ሠራተኛ ጓንትም ጭምብልም የለውም። ጥሩ አስጎብኚ ታታሪነቱን እያደነቀ ይህን ጉዳት አይሸፍንም። ከዚያ ወደ ኩምባርዋዳ፣ ወደ ሸክላ ሠሪዎቹ መንደር ይታለፋል፤ ቤተሰብ በሚኖርበት ግቢ ምድጃው ይነዳል። ሴቶች ስስ የፓፓድ ቂጣ በተደፉ ቅርጫቶች ላይ ፀሐይ ያስመታሉ።

«ሪያሊቲ ቱርስ»ን እ.ኤ.አ. በ2005 የመሠረቱት ሕንዳዊው ክሪሽና ፑጃሪና እንግሊዛዊው ክሪስ ዌይ ናቸው። ዌይ ሐሳቡን ያገኘው በብራዚል፣ በሪዮ ዲ ጄኔሮ የድሆች ሰፈር ካደረገው ጉብኝት ነው። በደንባቸው መሠረት ከትርፉ 80 በመቶው «ሪያሊቲ ጊቭስ» ለተባለው እህት በጎ አድራጎት ድርጅት ይሄዳል፤ እሱም በሰፈሩ ለሚኖሩ ወጣቶች የእንግሊዝኛና የኮምፒዩተር ትምህርት ይሰጣል። ብዙዎቹ አስጎብኚዎች ከዚያው ከዳራቪ ወይም ከመሰል ሰፈሮች የወጡ ወጣቶች ናቸው። ጎብኚዎች በትንንሽ ቡድን፣ በእግራቸው ይጓዛሉ።

እንዲህም ሆኖ «የድህነት ቱሪዝም ነው» የሚል ወቀሳ አልቀረም። ወቀሳው ተገቢ ነው፤ ለጉብኝቱ የሚከፈለው ገንዘብ በየደጁ ለሚታየው ሰው በቀጥታ አይደርስም። ቢሆንም ካሜራው መከልከሉ፣ ከትርፉ አብዛኛው ወደ ሰፈሩ መመለሱና ተራኪው የሰፈር ልጅ መሆኑ ልዩነት ያመጣል። በተለይ የካሜራው መከልከል። ካሜራ ያልያዘ እንግዳ ፎቶ ከማንሳት ይልቅ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል።

ሰፈሩ ራሱ በለውጥ ደጃፍ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2022 ዳራቪን አፍርሶ መልሶ የመገንባቱን ጨረታ አዳኒ የተባለው ግዙፍ ኩባንያ አሸንፏል። ለሸክላ ሠሪውና ለፕላስቲክ ለቃሚው በአዲሱ ሕንፃ ውስጥ የሥራ ቦታ ይኖራቸዋል ወይ የሚለው ጥያቄ ነዋሪውን ያስጨንቃል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ሙምባይ ድረስ ይበራል፤ ለንግድና ለሕክምና የሚሄደውም ወገን ጥቂት አይደለም። ግማሽ ቀን የተረፈው ሰው ዳራቪን ይመልከት። ከየትኛውም አስጎብኚ ጋር ቢሄድ ግን ከመክፈሉ በፊት ይጠይቅ፦ የሚያስጎበኘው ማን ነው? ገንዘቡ የት ይገባል? ነዋሪው ፎቶ እንዳይነሳ የሚጠብቀው ደንብ አለ?