ጡረታን ቀድሞ ወደ ትውልድ ቀዬ መመለስና የሕክምና ተደራሽነት፦ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ



በዛሬው ገለጻዬ የማነሣው አንድ ጥያቄ ነው። በውጭ ሀገር ለረጅም ዓመታት ሠርተው፣ ሙሉው የጡረታ ዕድሜ ሳይደርስ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ተመልሰው መኖር የሚሹ ወገኖቻችን ሲታመሙ የት ይታከማሉ? ወጪውንስ ማን ይሸፍናል? ነገሩ ዶላር የያዙ ጥቂት ሰዎች ጉዳይ ሊመስል ይችላል። እኔ ግን የአካባቢው ሕዝብ ሁሉ ጉዳይ ነው እላለሁ።

ከሚለቁት ሀገር እንጀምር፤ አሜሪካን በምሳሌነት እወስዳለሁ። በዚያ ሀገር የሶሻል ሴኩሪቲ የጡረታ አበል ከ62 ዓመት ጀምሮ ተቀንሶ ሊከፈል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1960 እና ከዚያ ወዲህ ለተወለዱት ሙሉው አበል የሚገኘው ግን በ67 ዓመት ነው። ሜዲኬር የተባለው የአረጋውያን የጤና መድን ደግሞ በመደበኛው በ65 ዓመት ይጀምራል። የአሜሪካ ዜግነት ያለውን ሰው አበሉ ኢትዮጵያ ድረስ ይከተለዋል፤ መድኑ ግን አይከተለውም። ሜዲኬር ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለተሰጠ ሕክምና አይከፍልም። ከዚህም ሌላ፣ የሐኪም አገልግሎትን በሚሸፍነው ክፍል በጊዜው ያልተመዘገበ ሰው ኋላ ሲመዘገብ፣ ለዘገየበት ለእያንዳንዱ ሙሉ 12 ወር መዋጮው በ10 በመቶ ይጨምርበታል። ስለዚህ ተመላሹ ከሁለት አንዱን ይመርጣል፦ ለማይጠቀምበት መድን በየወሩ መክፈል፣ አለዚያም ለመታከም ወደ አሜሪካ ቢመለስ የሚጠብቀውን ቅጣት መቀበል።

ወደ ሀገራችን ስንመጣ ሕጉ በሩን ከፍቷል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነትን ባትፈቅድም፣ አዋጅ ቁጥር 270/1994 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን የውጭ ዜጎች ያለ ቪዛና ያለ መኖሪያ ፈቃድ የመኖር መብት ሰጥቷል። በማኅበራዊ አገልግሎቶች አጠቃቀም ረገድም በውጭ ዜጎች ላይ የሚጣለውን ገደብ አንሥቶላቸዋል። ነገር ግን በር መክፈትና ወጪ መሸፈን የተለያዩ ናቸው። የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን በ2003 ዓ.ም. በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ ከእነዚህ አንዱ የዚሁ የደቡብ ጎንደር ዞን ፎገራ ወረዳ ነበር። መድኑ የታሰበው ለአርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ቤተሰብ ነው። በሙከራው ዘመን ከሽፋኑ ውጭ ከተደረጉት መካከል የኩላሊት እጥበት፣ የዓይን መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ ይገኙበታል፤ እነዚህም በዕድሜ የገፋ ሰው ከሚያስፈልጉት ዋነኞቹ ናቸው። እድሩም ቢሆን ለቀብርና ለሐዘን እንጂ ለሕክምና አልተቋቋመም።

ቀጥሎ የሚመጣው የቦታ ጥያቄ ነው። የሀገራችን የጤና ሥርዓት ሦስት እርከን አለው። የመጀመሪያው ጤና ኬላን፣ ጤና ጣቢያንና የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታልን ይይዛል፤ ሁለተኛው አጠቃላይ ሆስፒታል፣ ሦስተኛው ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው። በነፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ ያሉት ሆስፒታሎች የመጀመሪያው እርከን ናቸው። ከዚያ በላይ የሆነ ሕመምተኛ በሪፈር ወደ ደብረ ታቦር፣ ብሎም ወደ ባሕር ዳር ወይም ወደ ጎንደር ይላካል። ከነፋስ መውጫ እስከ ባሕር ዳር ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። የኩላሊት እጥበት የሚያስፈልገው ሰው ደግሞ ዘወትር በሳምንት ሦስት ጊዜ መታከም አለበት። መንገዱ ሰላም በሆነበት ጊዜ እንኳ ይህን ያህል መመላለስ አይቻልም፤ በክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ገንዘብ ያለውም የሌለውም እኩል ይቀራል።

የምድሩ ከፍታም ሊዘነጋ አይገባም። ነፋስ መውጫ ከ3,000 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። ለሠላሳ ዓመት በዝቅተኛ ቦታ የኖረ፣ የልብ ወይም የሳንባ ሕመም ያለበት ሰው የተወለደበት አየር ነው ብሎ ሊዘናጋ አይገባም፤ ከጉዞው በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ ምን እንረዳለን? ደም ግፊትና ስኳር በአንድ ቀን ሕክምና የሚያልፉ ሕመሞች አይደሉም። ያልተቋረጠ መድኃኒት፣ የታመነ ላቦራቶሪና ታማሚውን የሚያውቅ ባለሙያ ይፈልጋሉ። ተመላሹ ለከባድ ቀዶ ሕክምና አዲስ አበባ ሊሄድ ይችላል፤ ኢንሱሊኑን ግን በየዕለቱ በሚኖርበት ወረዳ ማግኘት አለበት። ሌሊት ድንገት ቢታመም የሚደርስለት ለጎረቤቱ የሚደርሰው ያው አምቡላንስ ነው። ስለዚህ በግል ገንዘብ የሚገዛ ደኅንነት ወሰን አለው።

ለተመላሾች የምመክረው ሦስት ነገር ነው። የሕክምና ታሪካቸውንና የመድኃኒታቸውን ሳይንሳዊ ስም ጽፈው ይያዙ። ቤት ከመሥራታቸው በፊት መድኃኒቱ በአካባቢው ዘወትር መገኘቱን ያጣሩ። በማኅበር ተሰባስበው የሚረዱም ከሆነ፣ መሣሪያ ከመላካቸው በፊት የሚጠግነው ባለሙያና መለዋወጫው መኖሩን ይጠይቁ። እናንተ ተማሪዎች ደግሞ ተመላሹ በመድን ማዕቀፋችን ተገቢ መዋጮ እየከፈለ የሚካተትበትን መንገድ አጥኑ። የእርሱ መዋጮ የወረዳውን የመድን ቋት ካጠናከረ፣ መድኃኒቱ ለእርሱም ለአርሶ አደሩም ይደርሳል። ገንዘቡ ወረዳውን አልፎ ሌላ ከተማ ብቻ የሚፈስ ከሆነ ግን፣ ሁለቱም በአንድ ባዶ ፋርማሲ ደጃፍ ይገናኛሉ።