የከተማው ባቡርና የነጋዴው ሒሳብ

የአዲስ አበባ ነጋዴ ባቡርን አስቀድሞ ያወቀው በዕቃ ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከደረሰ ወዲህ፣ ለብዙ ዘመን የውጭ አገር ዕቃ የሚገባውና ቡናና ቆዳ የሚወጣው በዚሁ መንገድ ነበር። መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው የከተማው ቀላል ባቡር ግን የሚያመላልሰው ሰውን እንጂ ዕቃን አይደለም። ቢሆንም ከነጋዴው ሒሳብ ውጭ ነው ማለት አይቻልም፤ ደንበኛውም ሆነ የሱቅ ሠራተኛው የሚሳፈረው በእርሱ ነውና።

በመጀመሪያ የተከፈተው ከምኒልክ አደባባይ በመርካቶ ዳር አልፎ ቃሊቲ የሚደርሰው መሥመር ነው። ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች ያለው ሁለተኛው መሥመር ጥቅምት 29 ቀን ተከተለ። የጣቢያዎቹ ቁጥር 39 ነው። ለሥራው የወጣው ገንዘብ 475 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ያህል ሲሆን፣ ከዚህም 85 በመቶው ከቻይና የወጪና ገቢ ንግድ ባንክ በብድር የተገኘ ነው።

ለባለሱቁ የባቡሩ ጥቅም በሁሉም ስፍራ አንድ ዓይነት አልሆነም። በጣቢያ አጠገብ ያለ ሱቅ ወራጁንና ተሳፋሪውን ሁሉ በደጁ ያያል። ሐዲዱ በምድር ላይ በአጥር ተከልሎ በሚያልፍበት መንገድ ግን፣ በሁለት ጣቢያዎች መካከል ያለ ሱቅ ማዶ ለማዶ የሚሻገረውን ገዢ ያጣል። ስለዚህ ሱቅ የሚከራይ ሰው የሐዲዱን ቅርበት ብቻ ሳይሆን የመሻገሪያውን ስፍራ ጭምር መመልከት ይገባዋል።

ከሁሉ የሚበልጠው ትምህርት ግን ለአስመጪዎች ነው። ለሁለቱ መሥመሮች 41 ባቡሮች ተገዝተው ነበር። በተከታዮቹ ዓመታት ግን አብዛኞቹ በመለዋወጫ ዕጦት ምክንያት ከሥራ ውጭ ሆነው ቆሙ። መለዋወጫው ከውጭ አገር የሚመጣና በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ሲሆን፣ ከተሳፋሪው የሚሰበሰበው ሒሳብ ግን ጥቂት ብር ነው። የቲኬቱ ዋጋ በመጀመሪያ ከ2 እስከ 6 ብር ነበር። ባቡር በቀነሰ መጠን ተሳፋሪው በጣቢያ ላይ ብዙ ይጠብቃል፤ መጠበቅ የሰለቸውም ወደ ታክሲ ሰልፍ ይመለሳል፤ የጣቢያው ሱቅም ገበያው ይቀዘቅዛል።

ይህ ነገር በባቡር ብቻ የሚታይ አይደለም። ወፍጮም ሆነ ማተሚያ መኪና ወይም የጭነት መኪና የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ውሉን ከመፈረሙ በፊት መለዋወጫው ከየት፣ በስንት ጊዜና በምን ገንዘብ እንደሚገኝ ሊጠይቅ ይገባል። ይህን ወጪ ከመግዣው ዋጋ ጋር አብሮ ያልደመረ ነጋዴ ትርፉን ገና አላሰበም።