ቤተሰብ የተሸከሙ አራት መዳፎች

በአዲስ አበባ ዙሪያ በሚገኙት በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ መኪና ያለው ቤተሰብ ሁሉ ክረምት ሲቃረብ አንድ ጥያቄ ይገጥመዋል፤ ያለቀውን ጎማ በምን እንተካው? በተለይም ከሱሉልታ ተነሥቶ እንጦጦን በማቋረጥ በዝናብ ወደ አዲስ አበባ ለሚወርድ ሰው ጥያቄው የኪስ ብቻ ሳይሆን የሕይወትም ነው። ስለዚህ ወደ ጎሚስታው ከመሄዳችን በፊት ጥቂት ፊዚክስና ጥቂት ኬሚስትሪ ማስታወስ ይጠቅመናል።

ጎማ መሬትን በምን ያህል ስፋት ይነካል?

ቤተሰቡን አሳፍራ 1,300 ኪሎ ግራም የምትመዝን አነስተኛ የቤት መኪና እንውሰድ። መሬትን የምትጫነው በ13,000 ኒውተን ገደማ ነው። የጎማዎቿ የአየር ግፊት 220 ኪሎ ፓስካል ቢሆን፣ ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነውና፣ አራቱም ጎማዎች በአንድነት መሬት የሚነኩበት ስፋት 590 ካሬ ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ለእያንዳንዱ ጎማ የሚደርሰው 148 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም ከነጣቶቹ የአንድ ሰው መዳፍ ያህል ነው። መታጠፍም ሆነ መቆም የሚቻለው በእነዚህ አራት መዳፎች ብቻ ነው።

መንገዱ ሲረጥብ የጎማው ጥርስ ውኃውን በቦዮቹ ወደ ጎን ያስወጣዋል። ጥርሱ ሲያልቅ ግን ውኃው መውጫ ያጣል፤ በፍጥነት ላይም ጎማው በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። በ60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የምትጓዝ መኪና የሰበቃ ኮኤፊሸንቱ 0.7 በሆነ ደረቅ መንገድ ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ20 ሜትር ገደማ ትቆማለች። ኮኤፊሸንቱ ወደ 0.4 ቢወርድ 35 ሜትር ያስፈልጋታል። መንገዱ በየ100 ሜትሩ 6 ሜትር የሚያዘቀዝቅ ከሆነ ደግሞ ወደ 42 ሜትር ይደርሳል። በብዙ አገሮች ሕግ ዝቅተኛው የጥርስ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ነው፤ በቦዮቹ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ከጥርሱ ጋር እኩል ከሆኑ ጎማው እዚህ ወሰን ላይ ደርሷል ማለት ነው።

ጥርስ ያለው ሁሉ ደህና ነውን?

አንድ አባወራ ሁለት አማራጭ ቀረበለት እንበል፦ ጥርሱ ያልተነካ፣ ዋጋውም የረከሰ ያገለገለ ጎማ፤ ወይም ውድ የሆነ አዲስ ጎማ። ዓይን ወደ መጀመሪያው ያደላል። ነገር ግን ላስቲክ ያረጃል። ቻርልስ ጉድይር እ.ኤ.አ. በ1839 ላስቲክን በድኝና በሙቀት በማጠንከር የሞለኪውል ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ እንዲተሳሰሩ የሚያደርገውን ዘዴ አገኘ። ኦክስጅን፣ ኦዞን፣ ሙቀትና የፀሐይ ጨረር ግን ጎማው ቆሞም ቢሆን ይህን መዋቅር መለወጣቸውን አያቆሙም፤ ላስቲኩ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ርጥብ አስፋልትም አይዝም።

ዕድሜውን የሚናገረው የጎማው ጎን ነው። ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ በሚመጣው ምልክት መጨረሻ አራት አኀዞች አሉ፤ «2319» የሚል ቢሆን ጎማው እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል። ሦስት አኀዝ ብቻ ካለው ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና መጣል ይኖርበታል። በርካታ አምራቾች ጥርሱ ምንም ያህል ቢቀር ጎማ ከ10 ዓመት በላይ እንዳያገለግል ይመክራሉ።

ቁጥሩን እናንብብ

«165/70 አር 14 81 ኤስ» ሲል፣ 165 የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 70 የጎኑ ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ 14 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 81 አንዱ ጎማ እስከ 462 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ ኤስ ደግሞ እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚፈቀድለት ይገልጻል። የምንገዛው ጎማ በሾፌሩ በር ማቀፊያ ላይ ከተለጠፈው መጠን ጋር መስማማት፣ የሸክም ቁጥሩም ከዚያ አለማነስ አለበት።

ገንዘቡ ለሁለት ጎማ ብቻ የሚበቃ ከሆነስ? ብዙዎቻችን አዲሶቹን ከፊት እናስገጥማለን። የጎማ አምራቾች ግን ከኋላ እንዲሆኑ ይመክራሉ፤ የፊቱ ጎማ ቢንሸራተት መኪናዋ ለመሪው አልታዘዝ ትላለች እንጂ ፍጥነት በመቀነስ ይታረማል፤ የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናዋ በራሷ ዙሪያ ትሾራለችና።

እንግዲህ ከጎሚስታው ደጃፍ ስንደርስ ዋጋ ከመጠየቃችን በፊት ጎንበስ ብለን አራቱን አኀዞች እናንብብ። ንባቡ አንድ ደቂቃ አይፈጅም፤ በእንጦጦ ቁልቁለት ላይ ግን በመኪናዋ ውስጥ ያሉት ሁሉ ይተማመኑበታል።